መጨባበጥ ቀረ የሚለው አያስኬድም
ስለ ኮሮናና ሰላምታ የወጣው ጽሑፍ «ወረርሽኙ መጨባበጥን እስከ ወዲያኛው አስቀርቶታል» ብሎ የደረሰበት ድምዳሜ ምን ላይ ቆሞ እንደሆነ አልገባኝም። አሜሪካዊው የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም ዶክተር አንቶኒ ፋውቺ እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2020 «ከእንግዲህ ጨርሶ መጨባበጥ የለብንም» የሚል ሐሳብ ሰንዝረው ነበር፤ ማን ሰማቸው? ገደቡ ሲላላ ብዙው ሰው ወደ ለመደው ተመለሰ። መጨባበጥንና መተቃቀፍን አንድ ላይ ጠቅልሎ መውቀሱም ልክ አይደለም። እጅ ይታጠባል፤ ፊትህን ሳትነካ በሳሙና ከታጠብክ ብዙው ስጋት ተቃለለ። ኮሮና በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ስለሆነ ይበልጥ የሚያሰጋው ተቃቅፎ ፊት ለፊት ማውራቱ ነው። ከላይ በአስተያየትህ «በክርን ሰላም መባባል ይሻላል» ያልከው ወንድሜ፣ የዓለም ጤና ድርጅቱ ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም እ.ኤ.አ. በማርች 2020 እሱም ይቅር ብለዋል፤ ክርን ለክርን ለመነካካት ከ1 ሜትር በታች መጠጋት ግድ ነዋ! እሳቸው የመረጡት እጃቸውን ልባቸው ላይ ማድረግ ነበር። (ደግሞስ ስታስሉ ክርናችሁን ከልሉበት ተብለን በዚያው ክርን ሰላምታ?) እኔ ብዙ ሰው በሚስተናገድበት ቦታ ስለምሠራ እንዳየሁት፣ እጅ መንፈግ ብቻውን ሰው አያስቀይምም፤ አነፋፈጉ ነው። አንዱ የተዘረጋለትን እጅ እያየ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ፊቱን ያዞራል። ሌላዋ ገና ከሩቁ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከማስኩ በላይ ዓይኗ እየሳቀ፣ ጎንበስ ትላለች። በእሷ ቅር ያለው ሰው አላጋጠመኝም።