እርማት፦ ለዘላቂነት ሳይንስ ማስተርስ የአካባቢ ሳይንስ ዲግሪ ግድ አይደለም

«የመጀመሪያ ዲግሪው በአካባቢ ሳይንስ ወይም በባዮሎጂ ያልሆነ ሰው በዘላቂነት ሳይንስ ማስተርስ መማር አይችልም» የሚለው አስተያየት በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ትክክል አይደለም። የዘላቂነት ሳይንስ የተፈጥሮ አካባቢንና የሰውን ኑሮ አያይዞ የሚያጠና ዘርፍ ነው።

በዘርፉ የታወቀውን የስዊድኑን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ «ሉሜስ» ፕሮግራም እንውሰድ። 120 ክሬዲት ያለው የሁለት ዓመት ማስተርስ ነው። መሠረታዊ መስፈርቱ ቢያንስ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪና የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃ ሲሆን የትምህርት ዘርፉን አይገድብም። ትምህርቱ ራሱ ከተለያየ ዘርፍ የመጡ ሰዎችን ይፈልጋል፤ የጣናን እንቦጭ ብቻ ብናይ እንኳ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ የአሥጋሪው ገቢና የመሬት አጠቃቀም ሕጉ ተያይዘው ካልተጠኑ መፍትሔ አይገኝም። ስለዚህ የሕግ፣ የሒሳብ አያያዝና የሶሺዮሎጂ ምሩቃንም ቦታ አላቸው።

ለማረጋገጥ የፕሮግራሙን ገጽ ከፍታችሁ የመግቢያ መስፈርቱንና የመምረጫ መስፈርቱን ለየብቻ አንብቡ። የመጀመሪያው ማን ማመልከት እንደሚችል፣ ሁለተኛው ካመለከቱት ማን እንደሚመረጥ ይናገራል። ግራ መጋባቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለቱን ከመቀላቀል ነው። ወደ ምሕንድስና ያዘነበሉ ፕሮግራሞች ግን የተወሰኑ ኮርሶችን ይጠይቃሉ፤ አንዱን አይቶ ለሌላው መፍረድ አይቻልም።

ከሌላ ዘርፍ የመጣ አመልካች በማመልከቻ ደብዳቤው የትኛውን ችግር ማጥናት እንደሚፈልግና የተማረው ሙያ ለዚያ ምን እንደሚያበረክት በግልጽ ይጻፍ። «ተፈጥሮን እወዳለሁ» ብቻ ብሎ መላክ አያስመርጥም።

ይህ ወሬ ጉዳት አለው፤ አንዳንዱ ሳያመለክት ይቀራል፣ ሌላው ሳያስፈልገው ሁለተኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር ዓመታት ያጠፋል። በስዊድን የመኸር ቅበላ የመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ አጋማሽ ስለሆነ መስፈርቱን ከወዲሁ አንብቡ።