«ፈቃድህ ይሁን» የእምነት ማነስ ሆኖ አያውቅም

ሰሞኑን በቴሌቪዥን ተላልፎ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር በሰነበተ ስብከት፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልገኝ አንድ አገልጋይ «ፈቃድህ ይሁን» ብሎ መጸለይ የእምነት ማነስ እንደ ሆነ አስተማረ። በልባችን ያለውን ምኞት ያኖረው እግዚአብሔር ራሱ ስለ ሆነ የእኛ ድርሻ ምኞቱን በስሙ ጠርቶ ማወጅ ብቻ ነው አለ። ጉባኤውም በእልልታ ተቀበለው። የስብከቱ ድፍረት አሳዝኖኛል፤ ከዚያ ይልቅ ያስቆጣኝ ግን ስብከቱን ለመከላከል የተሰነዘረው ምክንያት ነው።

ተከላካዮቹ እንደሚሉት፣ ጌታ በጌቴሴማኒ «አንተ እንደምትወድ ይሁን እንጂ እኔ እንደምወድ አይሁን» ያለው ዓለምን ለማዳን በመጣበት ልዩ ተልእኮ ምክንያት ስለ ሆነ ለእኛ ለአማኞች ምሳሌ ሊሆን አይችልም። ይህን የሚል ሰው «አባታችን ሆይ»ን መቼ ነው የጸለየው? ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን እንኳ በቃሉ የሚወጣው ይህ ጸሎት ስለ ዕለት እንጀራችን ከመለመኑ በፊት «ፈቃድህ ትሁን» ይላል። ያዕቆብ በመልእክቱ ነገ ነግደን እናተርፋለን የሚሉትን «ጌታ ቢፈቅድ» እንዲሉ ገሥጿቸዋል፤ በቂሣርያ የነበሩት ደቀ መዛሙርትም ጳውሎስን ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይወጣ ለምነው ሲያቅታቸው «የጌታ ፈቃድ ይሁን» ብለው ዝም ብለዋል። ወይ እነዚህ ሁሉ እምነት ጎድሏቸው ነበር፣ ወይ ሰባኪው ተሳስቷል።

ለዚህ ትምህርት ዘወትር የሚጠቀሰው ኤርምያስ 29፥11 ነው። የሰላም አሳብ፣ ፍጻሜና ተስፋ የሚለው ቃል በመኪና መስታወትና በሱቅ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የማናየው ቀን የለም። ከፍ ብሎ ያለው ቁጥር 10 ግን ሲለጠፍ አይቼ አላውቅም፤ እዚያ የተጻፈው ሰባ ዓመት ነውና። ቃሉ የሚገኝበት የኤርምያስ ደብዳቤ የተላከው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ሲሆን፣ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባትም ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላቸዋል። ይህን ከሰሙት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ አገራቸውን ዳግመኛ ሳያዩ እንደሚሞቱ ግልጽ ነበር። ለእነርሱ የተጻፈውን ቃል ዛሬ በሦስት ወር ውስጥ ቪዛ ይመታል ለሚል ትንቢት ማሰሪያ ማድረግ ቃሉን መገልበጥ ነው።

አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ቢመለሱ ደግሞ የራሳቸውን መድረክ ባገኙት ነበር። ነቢይ የተባለው የገባዖኑ ሐናንያ በእግዚአብሔር ቤት፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ የባቢሎን ቀንበር ተሰብሯል፣ የቤተ መቅደሱም ዕቃ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳል ብሎ ተናገረ። ሕዝቡ የሚመኘውም ይህንኑ ነበር። ኤርምያስ ራሱ የመለሰው የመጀመሪያ ቃል «አሜን» የሚል ነው፤ እርሱም ልቡ ይህን ይሻ ነበርና። ምኞቱ ከሐናንያ ምኞት ምንም አይለይም፤ ልዩነቱ ምኞቱን «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ብሎ ለመናገር እምቢ ማለቱ ነው። ሐናንያ ኤርምያስ ለባቢሎን መገዛት ምልክት አድርጎ በአንገቱ የተሸከመውን የእንጨት ቀንበር ወስዶ ሰበረው፣ ኤርምያስም መንገዱን ሄደ። በዚያች ሰዓት በእልልታ የሚሸኘው የትኛው እንደ ነበር መገመት አይከብድም። ጥቂት ቆይቶ ግን በእንጨቱ ፋንታ የብረት ቀንበር እንደሚመጣ ተነገረ፤ ሐናንያም በዚያው ዓመት ሞተ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ኢየሩሳሌም ተቃጠለች። የሁለት ዓመቱን ተስፋ አምኖ ቤት ሳይሠራ፣ ዛፍ ሳይተክል የተቀመጠ ምርኮኛ ካለ፣ ዕድሜውን የበላው ባቢሎን ሳይሆን ሐናንያ ነው።

ባለፈው ዓመት በተገኘሁበት ጉባኤ አገልጋዩ ፓስፖርት ያላችሁ ወደ ላይ አንሡ ሲል ከፊቴ የነበረች ወጣት በላስቲክ የተጠቀለለ ፓስፖርቷን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ያዘች። ላስቲኩ እንኳ አልተከፈተም ነበር። ወዲያው ለዚሁ በር መከፈቻ ዘር ዝሩ ተባለና የመባ ከረጢቱ ዞረ፤ እርሷም ከቀሚሷ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ሰጠች። ወደ ሪያድም ይሁን ወደ ቤይሩት ሄዳ ያሰበችው ባይሳካላት ማን ይጠየቃል? እምነትሽ አንሷል የሚባለው እርሷው ናት። ትምህርቱ እንዲህ ተሠርቷል፤ ሲሳካ ክብሩ የነቢዩ ነው፣ ሳይሳካ ጥፋቱ የድሃዋ ነው።

ድህነት ጽድቅ ነው የሚል የለም፤ ሥራም ቪዛም ልጅም መለመን ይገባል። ከዚህ አልፌ ግን አልስማማም። የለመኑትን ከእግዚአብሔር ፈቃድ በላይ ማስቀመጥ፣ ይባስ ብሎም ለሰው ፍላጎት የእግዚአብሔርን ማኅተም ማተም በየትኛውም ቤተ እምነት ክርስትና ሊባል አይችልም። «ዓለሙም ምኞቱም ያልፋሉ» ያለው ዮሐንስ የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሚያደርገው ለዘላለም እንደሚኖር ሲናገር ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧል።

በዚህች አገር ደግሞ ልዩነቱን በደማቸው ያሳዩ አባቶች አሉን። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት የወደቁት፣ ለወራሪው ተገዝተው ሕይወታቸውን ማትረፍ እየቻሉ እምቢ ስላሉ ነው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከአገር እንዲወጡ መንገድ ሲመቻችላቸው መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ፣ ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታሰሩ። የልባቸው ምኞት የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብሎ የሚያበረታታ ሰባኪ በዚያ ሰሞን ቢደርስላቸው ኖሮ ምን ይመክራቸው ነበር? በሰሞኑ ትምህርት መሠረት ሁለቱም በሕይወት የመኖርን ምኞት ማወጅ ያቃታቸው እምነተ ጎደሎዎች ናቸው። ይህን ፊት ለፊት የሚናገር ካለ በስሙ ይውጣና ይናገር።

ጥያቄዬ ከሰባኪው ይልቅ በፊት ወንበር ተቀምጠው ላጨበጨቡት ሽማግሌዎችና መጋቢዎች ነው። መድረኩን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። በሚቀጥለው እሑድ ኤርምያስ 28ን እና 29ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለምዕመናኑ አንብቡላቸው፤ ለበር መከፈቻ ተብሎ ከድሆች የተሰበሰበውንም ለሰጡት መልሱላቸው።