ጣታችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ቁጠሩ

አንዲት መስመር ወደ ጎን ወይም ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ እየሄደች፣ ሳትቋረጥና የረገጠችውን ሳትደግም ካሬዎቹን ሁሉ እንድትሞላ የሚጠይቁ የስልክ ጨዋታዎች አሉ። የእህቴ ልጅ ማታ ማታ ከእነሱ ጋር ስትታገል አያለሁ። ትሞክራለች፣ አንድ ካሬ ይቀራታል፣ አጥፍታ እንደገና ትጀምራለች። ሲሰለቻት «ፍንጭ» የሚለውን ነክታ፣ ማስታወቂያውን አይታ መልሱን ትወስዳለች። ይህ ከልቤ ያሳዝነኛል፤ መልሱን አገኘች እንጂ የማግኘትን ደስታ አልቀመሰችም።

ፍንጩ እኮ ሰሌዳው ላይ አለ። 5 በ5 የሆነውን ውሰዱና በሐሳባችሁ እንደ ዳማ ገበታ ጥቁርና ነጭ ቀቡት። ማዕዘኖቹ ጥቁር ከሆኑ 13 ጥቁርና 12 ነጭ ይወጣል። መስመሯ በተራመደች ቁጥር ቀለም ትቀይራለች፤ ስለዚህ 25ቱን ለመጨረስ የግድ ከጥቁር ተነስታ ጥቁር ላይ ማረፍ አለባት። ከነጭ የጀመረ ሰው ሲሞክር ቢያድር አይሳካለትም። የተዘጉ ካሬዎች ካሉ ከቆጠራው አውጧቸው። ሁለቱ ቀለሞች እኩል ከመጡ መነሻና መድረሻው የተለያየ ቀለም ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ከበለጠ ደግሞ መንገድ የለም።

ከዚያ ማዕዘኖቹን ተመልከቱ። ማዕዘን ሁለት ጎረቤት ብቻ ስላለው፣ መነሻ ወይም መድረሻ ካልሆነ በቀር መስመሯ በአንዱ ገብታ በሌላው መውጣቷ ያለቀ ነገር ነው። ባዶውን ቦታ ለሁለት የሚከፍል እርምጃም አትራመዱ፤ ተመልሳችሁ አትደርሱበትም።

ሌላው ዓይነት፣ እስክሪብቶ ሳያነሱና መስመር ሳይደግሙ ቤት መሣል፣ የበለጠ ቀላል ነው። የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1735 ለሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው የኮኒግስበርግ ከተማ 7 ድልድዮች ጥያቄ የዚህ ዘመድ ነው፦ እያንዳንዱን ድልድይ አንዴ ብቻ ተሻግሮ ሁሉንም ማዳረስ ይቻላል? ወደ አንድ የብስ የገባ መውጫ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጎደሎ ቁጥር ድልድይ ያለው የብስ መነሻ ወይም መድረሻ ብቻ ነው የሚሆነው። በኮኒግስበርግ አንዱ 5፣ ሦስቱ 3 ድልድይ ነበራቸው፤ አራቱም ጎደሎ። አይቻልም። ሁለት ሰያፍ መስመርና ጣሪያ ባለው ቤት ግን፣ ማዕዘኖቹን እንደ የብስ መስመሮቹን እንደ ድልድይ ብትቆጥሩ፣ ጎደሎዎቹ የታችኞቹ ሁለት ማዕዘኖች ብቻ ናቸው፤ ከአንዱ ጀምሩ።

«ጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ ለምን ታከብደዋለህ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ካሬ የመሙላቱን ጨዋታ ቆጠራ ብቻውን አይፈታውም፤ በየቦታው የተዘጋ ካሬ ላለበት ሰሌዳ ሁሉ የሚሠራ ፈጣን ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። መሞከር አይቀርም። ግን በጭፍን መሞከርና ከንቱውን በር ዘግቶ መሞከር ለየቅል ናቸው፤ ልጆች ሁለተኛውን እንዲለምዱ አጥብቄ እፈልጋለሁ።

ባለፈው እሑድ 5 በ5 ሠርቼ፣ መነሻውን ሆን ብዬ ከማዕዘኑ አጠገብ አድርጌ ሰጠኋት። እርሳሱን አላነሳችም። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆጠረችና ወረቀቱን መለሰችልኝ፦ «አጎቴ፣ ይሄ አይሆንም። ነጭ ላይ ነው ያስጀመርከኝ።»