ዝናብ ሲመጣ መስመሩም ይቀየራል
በመኪና ውድድር «ለአንድ ኩርባ አንድ ትክክለኛ መስመር (መኪናው የሚሄድበት መንገድ) ብቻ ነው ያለው» የሚለው በደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ አይሠራም። እንደ ማዝዳ ሚያታ ያለ ጉልበቱ ትንሽ የሆነ መኪና ፍጥነቱን አንዴ ካጣ መልሶ ለማግኘት ይቸገራል። ስለዚህ ሹፌሩ ኩርባውን ሰፋ አድርጎ፣ ፍሬን ቆጥቦ ይዞራል። ጉልበተኛው ግን ዘግየት ብሎ ይገባል፣ ቶሎ ይታጠፋል፣ መሪው ቀና እንዳለ ነዳጅ ይሰጣል። ዝናብ ሲመጣማ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። በደረቁ ጊዜ ሁሉም በሚሄድበት መስመር ላይ የጎማ ፍቅፋቂና ዘይት ይጠራቀማል፤ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና ያሟልጫል። የፎርሙላ 1 ሹፌሩን ቬርስታፐንን «በዝናብ የሚቀናው በዕድል ነው» ለምትል ወንድሜ፦ የ2016ቱን (እ.ኤ.አ.) የብራዚል ግራንድ ፕሪ ውድድር እስቲ ደግመህ እየው። ውድድሩ በተካሄደበት ኢንተርላጎስ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ተፎካካሪው ሮዝበርግ የተለመደውን መስመር ይዞ ሲሄድ፣ ቬርስታፐን በውጪው ጠርዝ በኩል ዞሮ አለፈው። እዚያ አስፋልቱ ሻካራ ስለሆነ ጎማው ይነክሳል። ኋላ ጎማ ሊቀይር ገብቶ ብዙ ቦታ ቢያጣም 3ኛ ሆኖ ጨረሰ። ይሄን መስመር የካርቲንግ (የትንንሽ መኪና ውድድር) ልጆች በዝናብ ሲለማመዱ ነው የሚማሩት፤ ዕድል አይባልም። ደግሞ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር የዝናብ ጎማ ያሰሩት ቀጥታው ላይ ሆን ብለው ውሃ ያለበትን ይፈልጋሉ፣ ጎማው ግሎ ቶሎ እንዳያልቅባቸው።