ካምቢዮዋ ከኋላ ነው

ባለፈው ወር መኪናዬን ጋራዥ አስገብቼ ቆሜ እጠብቃለሁ። መካኒኩ ከስር ተኝቶ ረዳቱ ላይ ይጮኻል፦ «ካምቢዮውን ደግፍ! ፍሪሲዮኑ አልቋል!» ካምቢዮ ማርሽ የሚቀያየርበት ሳጥን ነው፤ ፍሪሲዮን ደግሞ ሞተሩን ከሱ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው። ሥራ የፈታ ሰው ጥያቄ አያጣም። «ካምቢዮው ከኋላ የሆነ መኪና አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት። አንገቱን ብቅ አድርጎ አየኝ። «ጋሼ፣ ከኋላ ያለው እኮ ዲፍረንሻሉ ነው» ብሎ አረመኝ።

ልጁ አልተሳሳተም። እሱ የሚፈታቸው መኪኖች እንደዚያው ናቸው፤ ካምቢዮው ከፊት፣ ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ዲፍረንሻል ከኋላ። እኔ ግን በልቤ የያዝኩት የጣሊያኑ ፋብሪካ ላንቺያ የሠራትን አውሬሊያ ቢ20 ጂቲን ነበር። በኔ እምነት የጂቲ መኪኖች እናት እሷ ናት። ይህን ስል ወዳጆቼ ይስቃሉ። ለነሱ የጣሊያን ጂቲ ማለት ፌራሪ ነው፤ ሌላው ሁሉ አጃቢ።

ጂቲ የ«ግራን ቱሪዝሞ» ምሕጻር ነው፤ ታላቅ ጉዞ እንደማለት። ሁለት ሰው ሻንጣውን ጭኖ፣ አገር አቋርጦ፣ በፍጥነት ሄዶ፣ ሲወርድ ወገቡን የማያመው ዓይነት መኪና ነው። ስሙ ድሮም ነበር። አልፋ ሮሜዮ ከጦርነቱ በፊት ተጠቅሞበታል። ነገሩ በእርግጥ የተሟላው ግን እ.ኤ.አ. በ1951 ቢ20 ቱሪን ላይ ስትታይ ነው።

አውሬሊያ የሚለው ስሟ የመጣው ከሮም ተነስቶ የምዕራቡን የባሕር ዳርቻ ተከትሎ ከሚሄደው ጥንታዊ የሮማውያን መንገድ ነው። ለመንገድ የተሠራች መኪና በመንገድ መጠራቷ ደስ ይላል። ስታዩዋት ጌጥ የላትም። ጣሪያዋ ከመስታወቱ ጀምሮ ሳይቆራረጥ እየተንሸራተተ እስከ ጭራዋ ይወርዳል፤ አለቀ። መሪዋ ደግሞ በቀኝ ነበር፣ ያውም ጣሊያን ውስጥ! ላንቺያ በዚህ ልማዱ ለብዙ ዓመት ግትር ነበር።

የኔ ፍቅር ግን ከኮፈኑ ስር ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ሲሊንደር በቪ ቅርጽ ደርድሮ በብዛት ያመረተ ፋብሪካ አልነበረም። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል እየተባለ ይፈራ ነበር። ፍራንቼስኮ ዴ ቪርጂሊዮ የሚባል መሐንዲስ በጦርነቱ ዓመታት ይህን መንቀጥቀጥ በሒሳብ ሲያሳድድ ቆየ። በሁለቱ ረድፍ መካከል 60 ዲግሪ ሲሆን ሞተሩ አደብ እንደሚገዛ አገኘው። የበላዩ ቪቶሪዮ ያኖ ነበር፤ ቀድሞ የአልፋን የውድድር መኪኖች የነደፈው ሰው። ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ1950 በአውሬሊያ የቤት መኪና ላይ ወጣ። ዛሬ ቪ6 ሞተር ባላት መኪና የምትሄዱ ሁሉ የዴ ቪርጂሊዮ ባለዕዳ ናችሁ።

አሁን መካኒኩን ወደ ጠየቅኩት ጥያቄ። ሞተር ከባድ ነው፣ ካምቢዮም ከባድ ነው። ሁለቱንም ፊት ላይ ብትቆልላቸው መኪናው እንደ ተዛነፈ የአህያ ጭነት ይሆናል። ኩርባ ላይ ይጎትትሃል። ላንቺያዎች ሞተሩን ፊት ትተው ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውንና ዲፍረንሻሉን አንድ ላይ ከኋላ አሰሩ። የኋላ ፍሬኖቹንም ከጎማው አርቀው እዚያው ዲፍረንሻሉ ጎን ለጠፏቸው። ጭነቱ ተስተካከለ። ውድ ነገር ነው፣ ለመካኒክም ራስ ምታት ነው። ግን ሄደ።

መሄዱ ደግሞ ወዲያው ታየ። በዚያው በ1951 በሚሌ ሚሊያ ውድድር ጆቫኒ ብራኮ በቢ20 ተሰለፈ። ብራኮ የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብት ነው፤ ሲጋራ በሲጋራ እየለኮሰ የሚነዳ ጉደኛ። መንገዱ ከብሬሻ ሮም ደርሶ መልስ፣ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር፣ ዝናብ። ሞተሩ 2 ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ፋብሪካው የሚሸጣት ቢ20 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበራት። ሁለተኛ ወጣ! ያሸነፈው የነጂው የቪሎሬዚ ፌራሪ ከ4 ሊትር በላይ ሞተር ነበረው። በ1954 ደግሞ ሉዊ ሺሮን የሞንቴ ካርሎን ራሊ በአውሬሊያ አሸነፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከነክነኛል። ላንቺያ ለኛ ንጹሕ ስም አይደለም። በወረራው ጊዜ የጣሊያንን ጦር ካመላለሱት የጭነት መኪኖች አንዱ ላንቺያ ሮ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ እያልን የምንጠራውም በነሱ ቋንቋ ነው። መኪናዋን መውደዴ ይህን አያስረሳኝም።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሠራ ድርጅት ለምን ፌራሪን አላከለም? ገንዘብ። መሥራቹ ቪንቼንሶ ላንቺያ በ1937 ሲሞት ድርጅቱ በኋላ ለልጁ ለጃኒ ደረሰ። ጃኒ ስስት አያውቅም። ጥሩ ነገር ይሠራ እንጂ ወጪውን ማን ይቆጥራል! ቱሪን ላይ መንገድ መሐል እግሩን ከፍቶ የቆመ ረጅም ሕንፃ አስጀመረ። ፎርሙላ አንድ የመኪና ውድድር ውስጥም ገባ። ቢ20 ደግሞ እስከ 1958 ድረስ ተመርታ በጠቅላላው 4 ሺህ እንኳ አልሞላችም። በዚህ ሽያጭ ያ ሁሉ ወጪ አይቻልም።

ግንቦት 1955 ላይ የላንቺያ የውድድር ቡድን ዋና ነጂ አልቤርቶ አስካሪ ሞናኮ ላይ ከነመኪናው ባሕር ገብቶ ዋኝቶ ወጣ። በአራተኛው ቀን ሞንዛ ላይ መኪና ሲሞክር ተገልብጦ ሞተ። ያውም የሞከራት መኪና ፌራሪ ነበረች። ጃኒ ከዚያ በኋላ አልቻለም። ድርጅቱ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ፤ ያኖ የነደፋቸው ዲ50 የሚባሉት የላንቺያ የውድድር መኪኖችም ከነመለዋወጫቸው ለፌራሪ ተሰጡ።

ፌራሪ ትንሽ ነካካቸው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1956፣ ነጂው ፋንጂዮ በነሱ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። መዝገቡ ላይ የሚነበበው የፌራሪ ድል ተብሎ ነው።