ፀሐይዋን ያየ አለ?

ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ሊያይ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ጀርባውን ለፀሐይዋ መስጠት ነው። ካላመናችሁ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሄዳችሁ ቁሙ። ጥንዱም፣ ተመራቂውም፣ ከአዲስ አበባ ለስብሰባ መጥቶ ከስብሰባው የጠፋውም ዳር ዳሩን ይደረደራል። ከዚያ ሁሉም ዞር ይላል። ስልክ ይወጣል። አንገት ይጣመማል።

«ፀሐይዋ ገባች?»

«ግማሿ ብቻ። ትንሽ ዝቅ በል።»

ብርሃኑ ከኋላ ስለሆነ ፊት ይጠቁራል። ስለዚህ ፍላሽ ይበራል። ፀሐይ ከኋላው ቆማ ፍላሽ የሚያበራ ሕዝብ ነን።

ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው የተቆረቆረችው። ፀሐይዋ ዘወትር ማታ ከውሃው ባሻገር ትጠልቅልናለች፣ ያውም በነፃ። ችግሩ አትጠብቅም። ያለነው ለምድር ወገብ ቅርብ፣ 7ኛው ዲግሪ ላይ ስለሆነ አወራረዷ ቀጥ ያለ ነው። አድማሱን ከነካች ሁለት ደቂቃ ገደማ ቢቀራት ነው። የእኛ ሰላምታ ራሱ ከዚያ ይረዝማል። «ደህና ነህ? ሰላም ነው? ልጆች? እናትህስ ተሻላቸው?» ብለን «እግዚአብሔር ይመስገን» ላይ ስንደርስ ጨልሟል። ዴንማርክ በሰኔ ብትሄዱ ፀሐይዋ የምትገባው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ የለቅሶ ቤት ሰላምታ እንኳ ያደርሳል።

ይሄም ሆኖ የእኛ ሰው ያለው አይበቃውም። የእህቴ ባል አንድ ማታ ቪዲዮ አየ። የአውስትራሊያዋ ፍሬዘር ደሴት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ጥንት ስሟ ጋሪ የተመለሰችው። በዓለም ትልቋ የአሸዋ ደሴት። የምሥራቁ ዳርቻዋ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሕጋዊ የመኪና መንገድም ነው። በሰዓት እስከ 80 ይነዳበታል። ትናንሽ አውሮፕላኖች ያርፉበታል። ባሕሩ ሞልቶ ሲመጣ መንገዱ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ሹፌሩ የሚያየው የባሕሩን ሰዓት ነው።

«እኛስ ምን ጎደለን?» አለ አማቻችን።

ባሕር ጎደለን። አሸዋ ጎደለን። ደሴቷ የምትፈቅደው ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና ብቻ ነው፤ የሱ ደግሞ ቪትዝ ናት። የምሥራቅ ዳርቻ ማለት ደግሞ ፀሐይ የምትወጣበት እንጂ የምትጠልቅበት አይደለም። መጥለቋን ለማየት ደሴቷን አቋርጦ ወደ ምዕራብ መሄድ ያስፈልጋል። በዚህ በኩል ሐዋሳ ትበልጣታለች። ነገርኩት። አልሰማኝም።

ደሴት ካስፈለገ እኮ እኛም አለን። ጣና ሞልቶታል፣ ዝዋይ ላይ ቱሉ ጉዶ አለች። ግን የእኛ ሰው ደሴት የሚሄደው ሊመንን ነው። አንዳንዱ የጣና ገዳም ሴት አያስገባም። ቪትዝ ያስገባሉ ብዬ አልጠብቅም።

በበነጋው ጎሚስታ ጋ ሄደ። አሸዋ ላይ የሚነዱ ሰዎች ጎማው ሰፋ ብሎ እንዲረግጥ ንፋሱን ይቀንሳሉ፤ ይህንንም ከቪዲዮው ተምሯል።

«አስተንፍስልኝ» አለው።

«ጋሼ፣ እኔ ጋ ሰው የሚመጣው ሊያስነፋ ነው።»

«ገባኝ። አንተ አስተንፍስ።»

ጎሚስታው ጎማውን አየ፣ እሱን አየ፣ አስተነፈሰ። ሒሳቡ ግን የማስነፊያው ነው።

ከከተማው ወጣ ብለን ውሃው የሸሸበት ሜዳ አገኘን። ላዩ ደርቋል። እዚያ አካባቢ መኪና የሚያጥቡ ሰዎችም ነበሩ፣ አረፋው እየተንኳለለ ሐይቅ ይገባል። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባው ሳሙናና ዘይት ወዴትም አይሄድም፤ እዚያው ከዓሣው ጋር ይኖራል፣ ዓሣውን ደግሞ እኛው በዳጣ እንበላዋለን። ማንም ግን ቅር ያለው አይመስልም።

ቪትዟ ትንሽ ሄደች። ከዚያ የደረቀው ልጣጭ ተሰነጠቀና በአፍንጫዋ ጭቃው ውስጥ ተቀመጠች።

በአገራችን የተያዘ መኪና አማካሪ አያጣም። ዓሣ አጥማጁ መጣ፣ ባለ ባጃጁ ባጃጁን አቁሞ መጣ፣ መኪና አጣቢዎቹም እጃቸውን እያራገፉ መጡ። «ወደ ኋላ!» ይላል አንዱ። «ተው ባክህ፣ ስጠው ዝም ብለህ!» ይላል ሌላው። ሲሰጠው ጭቃው የሁላችንንም ልብስ አዳረሰ። አንድ አባ ኮዳ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ክንፉን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ሥራውን ይከታተላል።

እህቴ ከውስጥ አልወረደችም። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ዓሣ ጥብስ ተብዬ ነው የመጣሁት» ትላለች በመስኮቱ።

በመጨረሻ ልጆቹ ዙሪያዋን ያዟት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት!» ወጣች።

«ስንት ልስጣችሁ?» አለ አማቻችን።

«ጋሼ፣ እንደ ፈለጉ።»

እንደ ፈለገ ሰጠ። ብሩን አዩት። አማቻችንን አዩት። አንደኛው ብሩን ወደ ቪትዟ ኮፈን መለሰና «ግዴለም፣ ይሄንን ለነዳጅ ያድርጉት» አለ። ሦስት እጥፍ ከፈለ።

በዚህ መሃል ፀሐይዋ ገብታለች። አማቻችን አንገቱን ወደ ሐይቁ አዞረ፣ ወደ እኛ መለሰ። «ያየ አለ?» አለ። ማንም አላየም። አንድ ቀጭን ልጅ ግን ከዳር ቆሞ የቪትዟን መያዝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲቀርጽ ነበር። ስልኩን ተቀብለን ስናይ ከጭቃው በላይ፣ ከአማቻችን ራስ ጀርባ፣ ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ ስትጠልቅ ገብታለታለች። በጣም ታምራለች።

«በቴሌግራም ላክልን» አልነው።

«ካርድ ይሙሉልኝ» አለ።