ኮፍያው የወለቀ ቀን

ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ ደብረ ብርሃን ሁለት ነገር ይበዛላታል፤ ብርድና ዲያስፖራ። ብርዱን ስንረግመው ኖረናል። እንግዶቻችንን ግን በወጉ ያመሰገናቸው የለምና የድርሻዬን ልወጣ።

ከሁሉ በፊት የሚመሰገነው አርቆ አሳቢነታቸው ነው። እኛ ለበዓል በግ እናቆያለን፤ እነሱ ፀጉር ያቆያሉ። ሦስት ወር ሙሉ ሳይነኩት አሳድገው፣ ከ12 ሰዓት በላይ በአየር፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር በመኪና ተሸክመውት ይመጣሉ። ምነው ቢሏቸው፣ እዚያ መቆረጥ 40 ዶላር ነው፤ ቲፑ 20 በመቶ ሲታከልበት 48። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር የት እንደወጣ ለሚያውቅ ሰው ይህን በብር መንዝሮ መንገር ጭካኔ ነበር። እነሱ ግን ደጎች ናቸው፤ ይመነዝሩልናል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠባሴ አንድ ፀጉር ቤት አግዳሚ ላይ ሦስት ሆነን ተራ እንጠብቃለን። አጠገቤ ከመንዝ የመጡ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አባት አሉ። እንግዳችን ኮፍያውን ቅንድቡ ድረስ ደፍቶ ገባ። ወረፋውን አየና ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀ። «እኛ ጋ እኮ ያለ ቀጠሮ ማንም አይቆረጥም!» አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሦስታችንም ቀጠሮ ስላልነበረን ዝም አልን። («እኛ ጋ» ያለው ሜሪላንድን ነው። እትብቱ የተቀበረው ከፀጉር ቤቱ ሁለት ቅያስ ማዶ ነው።)

ኮፍያው ወለቀ።

ለካ ይሄኛው ሦስቱን ወር መታገሥ አቅቶት ኖሯል። የግራው ጎን ከቀኙ ሁለት ጣት ሸሽቷል። ከጆሮው በላይ ማሽኑ እንደ ማረሻ ትልም ጥሎ አልፏል፤ ማጅራቱ ጋ ደግሞ የሳንቲም ስፋት ያላት ገላጣ አለች። አስተካካዩ ልጅ ወንበሩን ቀስ አድርጎ አዞረው።

«ጋሼ፣ ይሄንን ማነው የቆረጠዎት?»

«ባለቤቴ ናት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መታጠቢያ ቤት...»

አባት ጋቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱና፣ የታመመ እንደሚጠይቅ ሰው ሆነው፣ «እግዜር ይማርህ ልጄ» አሉት። ስለ 48ቱ ዶላር ያነሳ አልነበረም፤ የሸዋ ሰው ጨዋ ነው።

ልጁ ማሽኑን አልኮል ረጭቶ በላይተር ሲለኩሰው፣ እንግዳችን ስለ ንጽሕና አስተማረን። እዚያ ማበጠሪያና መቀስ በብርጭቆ፣ ሰማያዊ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ነው የሚቀመጠው። በጣም ተጠቀምን። ገና እየተጠቀምን ሳለ መብራት ሄደ፤ የተቆረጠው ግማሹ ራስ ብቻ ነበር።

«እኛ ጋ መብራት አይጠፋም!»

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አለ ልጁ መቀሱን እየፈለገ፤ «በመብራት እያዩ ነው እንዲህ ያደረጉዎት።»

በመቀስና በማበጠሪያ፣ በር ላይ ወንበር አውጥቶ፣ አንድ ሰዓት ለፍቶ ሰው አስመሰለው። ሒሳብ 150 ብር። «ምነው! ባለፈው ስመጣ 50 አልነበር እንዴ?» አለ እንግዳችን። የዋጋ ንረት እንዲህ አንጀቱን የሚያላውሰው ባለሥልጣን ቢኖረን የት በደረስን! ሁለት መቶ ብር ሰጠና መልሱን ቆሞ ተቀበለ። ቲፕ የሚሠራው በዶላር ብቻ ነው ማለት ነው።

አዲሱን ራሱን ፎቶ አንስቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ሁለት ደቂቃ አልቆየም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ነፋሷ የተላጨ ራስ አይምርም። ተመልሶ ገባ፣ ኮፍያውን ከሚስማሩ ላይ አነሳ፣ እስከ ቅንድቡ ደፋው።

አባት ተነስተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ቀጠሮ የለኝም ልጄ» አሉ፤ «እንደምንም ብለህ ቆራርጥልኝ።»